የወሎ ሰፈሩ የካሜራ ሱቅህ

ሱቃችን ሊከፈት ነው! በቄ፣ ሰማኸኝ? ወሎ ሰፈር ያለው የካሜራ ሱቅህ፣ አንተ ከሄድክ ወዲህ ጫማ ሲሸጥበት የኖረው፣ እንደገና የኛ ሆነ። የተከራየችው ልጅህ ማህሌት ናት። ደስታው ቢያጣድፈኝ ሰላምታውን ዘለልኩት። እንዴት ነህ የኔ ዓለም? ሳሊተ ምሕረት ካሳረፍንህ ይኸው አራት ዓመት ሊሞላ ነው።

የሳሎኑ ቁም ሣጥን ባዶውን ቀርቷል። እየወለወልኩ ያቆየሁልህን ካሜራዎች ማህሌት ሁሉንም ወሰደቻቸው።

ያን ርቀቱ በእጅ የሚስተካከለውን የጀርመን ካሜራ ስትሸጥ ትዝ ይልሃል? ሰውየው ገንዘቡን ይዞ ስለመጣ ብቻ መች ትሰጠዋለህ! ፊልም የሌለበትን ካሜራ አስይዘህ በር ላይ ታቆመውና፣ «ያቺ ታክሲ ስንት ሜትር ትርቃለች?» ነው የምትለው። መገመት ካቃተው «ነገ ተመለስ»። ጎረቤታችን ጨርቅ ሻጩ ጋሽ ሰይድ፣ «በቀለ ካሜራ አይሸጥም፤ ሴት ልጁን ነው የሚድረው» እያሉ ሰፈሩን ያስቁብህ ነበር።

ከዚያ እነዚያ ቀላሎቹ የጃፓን ካሜራዎች መጡ። አንዴ መጫን ነው፤ ርቀቱንም ብርሃኑንም ራሳቸው ያውቁታል። ነገ ተመለስ ያልከው ሁሉ ኦሎምፒያ ሰፈር ካሉት ሱቆች ሄዶ እነዚያኑ ይገዛል። እነሱንም ጎን ለጎን እናስቀምጥ ብልህ፣ «ሱቄ ውስጥ መጫወቻ አይገባም» ብለህ አኮረፍከኝ።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ያ ከጀርመን የመጣው ደንበኛህ ያሳየህ ነገር ነው። ያ አንተ የምትወደው የጀርመን ፋብሪካ፣ ካሜራውን በእጅ እየገጣጠመ የሚሠራው፣ እሱም በራሱ ርቀት የሚያስተካክል ካሜራ አውጥቶ! አገላብጠህ አየኸውና በሁለት እጅህ መለስክለት። ገና ቀትር ሳይሆን ሱቁን ዘግተህ መጣህ። ምሳህን ሳትነካ፣ «እነሱ እንኳን ከጊዜው ጋር ሄዱ፤ እኔ ለማን ብዬ ነው የምጣላው?» አልከኝ። ሐሳብህን የቀየርክ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ ተስፋ መቁረጥህ ኖሯል። ሱቁን ዳግመኛ አልከፈትከውም፤ ወዲያው የያዘህ ሕመምም ጊዜ አልሰጠህም።

ልጅህ ምን አደረገች መሰለህ? አዲሶቹን በአንድ ወገን፣ ያንተን በሌላ ወገን ደረደረቻቸው። አዲሱን የፈለገ ከፍሎ ይሄዳል። ያንተን የፈለገ ግን መጀመሪያ ርቀት ይገምት ብላለች! ወሬው ተሰምቶ የሰርግ ፎቶ አንሺዎች ገና ሳይከፈት በሩ ላይ ቆመው ሲገምቱ ይውላሉ። ጋሽ ሰይድ አይተው መሳቅ ጀመሩና እሳቸውም አብረው መገመት ያዙ።

ይህን ማየት የነበረብህ አንተ ነበርክ በቄ። ሁለቱም አብረው መኖር ይችሉ ነበር እኮ፤ ትንሽ ብቻ ብትቆይልን። ይኸው ነው ደስታዬን ጎደሎ የሚያደርገው። እኔ በሕይወት እስካለሁ በዚያ በር የገባ ሁሉ ስምህን ሳይሰማ አይወጣም።

ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የድሮ ደንበኛ፣ የኦሎምፒያዎቹ ሻጮችም ሳይቀሩ ሁሉም ይምጣ። ለነጋሽ ሰይድ ምግቡ ለብቻው ይሠራል። አልተመቸኝም ብሎ የሚቀር ሰው ሰበቡን አልሰማም፤ ምርቃቱ የዳግማይ ትንሣኤ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ነው።