እንግዳው ከባሕር ሲወጣ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 2። ከሰዓት፣ 10፡30

ማስታወሻዬ፣ ለማንም እንዳትነግሪ። ዛሬም ሄድኩ።

በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ መነጽሬ፣ ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ ተከናንቤ፣ ቪዲዮ ቤት የመጨረሻው አግዳሚ ላይ። የጃፓን አውሬ ከተማ ሲያፈርስ ሳይ ዋልኩ። ይኸው አምስት ወር ሆነኝ። አንድም ቅዳሜ አልቀረሁም። አንባቢዎቼ ቢሰሙ ምን ይሉኛል? በየወሩ መጽሔት ላይ ስለ ትዳርና ስለ ጉርብትና የምትመክራቸው ሴት!

ሙቀቱ አይጣል ነው። 8 ሰዓት ላይ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ውሻ እንኳ ጥላ አይለቅም። ባጃጆች ዛፍ ሥር ተኮልኩለው፣ ሾፌሮቹ እግራቸውን ወደ ውጭ ሰድደው ተኝተዋል። እኔ ብቻ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ። ሌባ ነው የምመስለው።

ስለ ፊልሙ ልንገርሽ። አውሬው ከባሕር ይወጣል። ግንባሩ ላይ አንድ ቀንድ፣ ሆዱ እንደ ማሾ ጆንያ። ጎማ መሆኑ ያስታውቃል፤ ሲራመድ ጉልበቱ ላይ ይሸበሸባል። ፎቆቹ ካርቶን ናቸው። ባቡሩን አንስቶ ሲያየው የልጅ መጫወቻ መሆኑ ግልጽ ነው። ግን ልቤ ድው ድው ይላል። ደግሞ ደም የለበትም። ሰው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሮጣል፣ ተያይዞ፣ ተጠራርቶ። አንዲት አሮጊት ወደኋላ ስትቀር የማታውቀው ሰው ተመልሶ ይሸከማታል። ሁልጊዜ ይመለሳል።

እኔን የሚያስለቅሰኝ እዚያ ጋ ነው። ሌላው እዚያ ጋ ይስቃል።

ተራኪዋ እትዬ ዘሃራ ናት፤ ቤቱም የእሷ ነው። ማይክ ይዛ ቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። ጃፓንኛ? አንዲት ቃል አታውቅም። ሲዲዎቹን ድሮ ውሃ ሊያስቆፍር የመጣ አንድ ጃፓናዊ መሐንዲስ ነው ለባሏ ትቶለት የሄደው። የህንዱንና የዐረቡን ባሏ ይተርክ ነበር። የጃፓኑ የእሷ ድርሻ ሆነ። ከራሷ ነው የምታወራው። አውሬውን አውሬ ብላ አታውቅም። “እንግዳው” ነው የምትለው። ዛሬ ወታደሮቹ መድፍ ሲተኩሱበት፣ አጃኢብ ነው፣ ከየት መጣህ ያለው የለ፣ ውሃ ያቀረበለት የለ፣ ገና ከደጅ በእሳት ተቀበሉት፣ እንግዲህ ምን ያድርግ አለች። ሽማግሌዎቹ እውነት ነው አሉ፤ ጫታቸውን ይዘው ራሳቸውን እየነቀነቁ።

የዐስር ሶላት ሰዓት ሳይደርስ ፊልሙ አለቀ። መብራት ሳይበራ ወጣሁ። እንደ ሁልጊዜው።

ሰኞ፣ ግንቦት 4። ጠዋት

አንድ ማንጎ ገዛሁ። ባለማንጎዋ አንድ ብቻ ስላት ሁሌ ታየኛለች። ኪሎ ገዝቼ አውቃለሁ፤ ግማሹ ይበሰብሳል።

ጋሽ ተሾመ የስፌት መኪናውን ከቤቴ በር ፊት ለፊት በረንዳ ላይ ዘርግቷል። ልብስ ሰፊ ነው፤ የሰፈሩን ወሬ ከጨርቁ ጋር አብሮ የሚሰፋ። በዚህ ሰፈር ከሰላምታ ያለፈ የሚያወራኝ እሱ ብቻ ነው፤ እሱም መንገዱ ላይ ስለሆንኩ ይመስለኛል። ዛሬ ክሩን እያጠነጠነ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? እትዬ ዘሃራ ልትሄድ ነው። ከሚሴ ያገባችው ልጇ ልትወስዳት ነው። ቤቱ ለሞባይል ጠጋኞች ተከራይቷል። ከመጪው ቅዳሜ ቀጥሎ ያለው የመጨረሻው ትርዒት ነው፤ ሰኞ ትሳፈራለች።

ቤት ገብቼ ቁጭ አልኩ። ማንጎውም አልተበላ።

እሺ። አንቺንም ደብቄሽ የኖርኩትን ልጻፈው። የአጎቴን ቤት ወርሼ ከአ.አ. የመጣሁ ዕለት። ጣርማ በር ላይ ብርድ ነበር፤ ከዋሻው ወጥተን ቁልቁል ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ፣ ላቡ፣ አቧራው። ሰፈሬ ስደርስ ድንኳን ተተክሏል። ሰው ሞልቷል፣ ትሪ ይዞራል። ጎሽ፣ በሰርግ ተቀበሉኝ አልኩ። ጎረቤት በመጀመሪያው ቀን ነው የሚያዘው ብዬ በአምዴ ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ! ሻንጣዬን አስቀምጬ ገባሁ። በሩ ላይ የቆመችውን ሴት ሁለት እጇን ያዝኩና፣ ጥርሴን ሁሉ አሳይቼ፣ “እንኳን ደስ አላችሁ! ሙሽሮቹ የታሉ?” አልኳት።

የሚዞረው ትሪ ባለበት ቆመ።

ሴትዮዋ እትዬ ዘሃራ ነበረች። ባሏ ጋሽ ሰይድ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ።

በማግስቱ ሄጄ ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። አፈርኩ። በሳምንቱ፣ ሳምንት ዘገየሁ ብዬ አፈርኩ። በአርባው፣ አሁንማ በምን ፊቴ አልኩ። ይኸው ዓመት ከመንፈቅ። ክፉ አልተናገረኝም ማንም። ሰላምታ ይሰጡኛል፣ ያልፋሉ። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ቤት ማን ይመጣል? ስም ግን አወጡልኝ፤ ጋሽ ተሾመ አምልጦት ነው የነገረኝ። ወ/ሮ ደስ አላችሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ ከአ.አ. ደወለች። የሰኔው አምድ የት ደረሰ ነው። አፌ አያርፍ፣ ስለ ቪዲዮ ቤቱ ነገርኳት። በሳቅ ፈረሰች። እሱን ጻፊው አለች፤ ጃፓንኛ የማታውቅ የጃፓን አስተርጓሚ፣ አንባቢ ይሞትለታል።

አንድ ገጽ ጻፍኩ። ያስቃል። መልሼ ሳነበው እውነትም ያስቃል። አጠፋሁት።

ያቺን ሴት አንድ ጊዜ አሳቅቄያታለሁ። ይበቃል።

ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ምን አገኘሁበት? ሌላ ፊልም እኮ ሞልቷል። ፍቅሩ፣ ዘፈኑ። የፍቅሩን ሳይ ቤቴ ይሰፋብኛል። ይኼን ሳይ ግን... እንዴት ልበልሽ። ጎማው ውስጥ ያለውን ሰውዬ አስባለሁ። በዚያ ሙቀት ተሰፍቶበት፣ ከፊቱ ያለውን በወጉ ሳያይ፣ እግሩን ባነሳ ቁጥር የሰው ቤት እየረገጠ። አንድ ሰው ቀርቦ፣ “ቆይ፣ በዚህ በኩል ነው መንገዱ” ቢለው ምን አለ?

ሐሙስ፣ ግንቦት 7። ከቀኑ 5 ሰዓት

ሁለት ኪሎ ስኳር ገዛሁ። ለባብሼ ወጣሁ። የእትዬ ዘሃራ በር ጋ ደረስኩ። ክፍት ነው። ውስጥ ምንጣፍ ስታራግፍ ይሰማል። እጄን አነሳሁ።

ተመለስኩ።

ጋሽ ተሾመ ከነስኳሬ አየኝ። ክር ፈልጌ ነው አልኩት፤ ምን አስቀባጠረኝ! “በስኳር ነው እንዴ ክር የሚገዛው አዲስ አበባ?” አለኝ። ስቄ ገባሁ። ገብቼ አልሳቅኩም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9። ከሰዓት፣ 11 ሰዓት

ቸኩዬ ነው የምጽፈው፣ ጽሕፈቴን ይቅር በይኝ።

ዘጠኝ ሰው ነበርን። እኔ ኋላ፣ ተከናንቤ። ፊልሙ ያው ነው፣ አራት ጊዜ አይቼዋለሁ። እንግዳው ከባሕር ወጣ። እትዬ ዘሃራ ማይኳን አንኳኳች። እንደ ወትሮው ደክሞታል፣ እርጥብ ነው፣ ከሩቅ አገር ነው አለች። ከዚያ ዳር ያለችውን ትንሽ ቤት ረገጠ። ወትሮ እዚህ ጋ “ያረቢ!” ብላ ነው የምታልፈው። ዛሬ ቆመች። የተናገረችውን እንዳለ ልጻፈው፣ እንዳይጠፋብኝ።

“አያችሁ? ቤቲቱን ረገጣት። አውቆ ነው? ወላሂ አውቆ አይደለም። የሐዘን ቤት መሆኗን ማን ነገረው? መንገደኛ ነው፣ አገሩን አያውቅ። ረግጦ ሲያይ እንዴት እንደደነገጠ ዓይኑን እዩት። ያቺ የቤቲቱ ባለቤት እኮ አልተቀየመችም። እንዲያውም ያን ለት፣ በሦስት ቀን ውስጥ መጀመሪያ ሳቅ የመጣባት ያኔ ነው፤ ሰው እንዳያያት አፏን በሻሿ ያዘች። ከዚያ ወዲህ በሯን ክፍት ትታ፣ ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እያለች ተቀምጣለች። እሱ ግን ይዞራል። ተከናንቦ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ...”

“አውሬ ይከናነባል እንዴ?” አሉ ከፊት አንድ ሽማግሌ።

“ይኼኛው ይከናነባል፣ አባ።”

ሳቁ ቤቱን ሞላው። ማንም አልዞረም። እኔ ግን ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጨምሬ ነክሼዋለሁ።

መጨረሻው ላይ እንግዳው ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ባሕሩ ይመለሳል። ውሃው እስከ ወገቡ፣ እስከ አንገቱ። ሁሌ “በሰላም ግባ” ብላ ነው የምትሸኘው። ዛሬ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “የሚቀጥለው ቅዳሜ የመጨረሻ ነው። በፊት ለፊት በር ይምጣ” አለች።

መብራት ሳይበራ ወጣሁ። አዎ፣ ዛሬም። አትስደቢኝ።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጋሽ ተሾመን ጠየቅኩት። ነገሬን አዙሬ፣ አንዲት አንባቢዬ ጽፋልኝ ነው ብዬ። ለቅሶ ሳይደርስ ዓመት ያለፈው ሰው ምን ያድርግ?

መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። ከዐረብ አገር በአሥር ዓመቱ ተመልሶ ለቅሶ የሚደርስ ስንት አለ አለኝ። ዘገየህ የሚለው የለም፤ ሄዶ መቀመጥ ነው፣ ብዙ አለማውራት። መነጽሩን መልሶ ደግሞ እንዲህ አለኝ፤ “ለአንባቢዎ ይንገሯት እትዬ ጽጌ፣ ለእስላም ሲሆን ‘አላህ ይርሐማቸው’ ነው የሚባለው። ‘እንኳን’ ብላ እንዳትጀምር ብቻ!”

የጨርቁን ቁራጭ ወረወርኩበት። እሱም ሳቀ፣ እኔም። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ከሰው ጋር እንዲህ ስቄ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

መሬቱ ትንሽ ተንቀጠቀጠ ጠዋት፤ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። ሰው ሁሉ ወደ ውጭ ወጣ። እኔም ወጣሁ። ከባለማንጎዋ ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆምን፤ ክንዴን ይዛኝ ነበር። ሲያልፍ ለቀቀችኝ። ምነው ትንሽ በቆየ አልኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ ገባኝ፣ ፊልሙን ለምን እንደምወደው። እዚያ ውስጥ ሁልጊዜ መሬት እየተንቀጠቀጠ ነው።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

ቃሉን መስታወት ፊት እለማመዳለሁ። አላህ ይርሐማቸው። አላህ ይርሐማቸው። አፌ “እንኳን” ማለት ይወዳል፣ ምን ይሻለኛል?

ለአዘጋጇ ደወልኩ። የቪዲዮ ቤቱ አምድ የለም፤ በምትኩ ስለ ሽንኩርት ወጥ እጽፋለሁ። አኮረፈች። ታኩርፍ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16። ከቀኑ 7፡20

ፊልሙ 8 ሰዓት ነው። የምሄደው ግን አሁን ነው፣ በቀትር፣ ሰው እያየኝ። ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌዋለሁ፣ ራሴ ላይ አይደለም። ስኳሩን ይዣለሁ። ጋሽ ተሾመ መኪናውን ትቶ ቆሟል፤ አልሸኝዎትም፣ ከዚህ ሆኜ ግን አያለሁ አለኝ። ልመለስ ብል መንገዱን ዘግቶብኛል ማለት ነው።

የምለው ይኸው ነው፤ አላህ ይርሐማቸው፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ዘገየሁ። ከዚያ ምንጣፉ ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ። ፊልሙ ሲጀምር ከፈቀደችልኝ ከፊት፣ ከበርጩማዋ አጠገብ።

አንቺን አልወስድሽም፣ ጠረጴዛው ላይ ጠብቂኝ። በምን እንደጠራችኝ ነው መጀመሪያ የምጽፍልሽ፤ ጽጌ ትለኝ እንደሆን፣ ደስ አላችሁ ትለኝ እንደሆን፣ እንግዳው ትለኝ እንደሆን። የትኛውም ይሁን ብቻ፣ ከአፏ እንደወጣ እጽፈ

በሬ ተንኳኳ። ባለማንጎዋ ናት፤ ጋሽ ተሾመ ሹክ ብሏት መሆን አለበት። ወደ እትዬ ዘሃራ ከሆነ አብረን እንሂድ ትለኛለች