በረዶ በጣለ ቁጥር ይደውሉ የነበሩት የዶክተር ራሕዋ ሃድጉ ዕረፍት እና ማዕከላችን ያዘገየው እርማት

የተሽከርካሪና የበረዶ ምህንድስና ምርምር ማዕከል መሥራችና ዳይሬክተር ዶክተር ራሕዋ ሃድጉ፣ ባደረባቸው ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ዓርብ ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም. በስልሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው በማግስቱ ተፈጽሟል። የማዕከሉ ሠራተኞች በሙሉ ከባድ ሐዘን ላይ ነን።

ዶክተር ራሕዋ በውጭ አገር ያጠኑት ተሽከርካሪ በበረዶ ላይ እንዴት እንደሚሄድ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ተመልሰው ማዕከሉን በዩኒቨርሲቲው ሥር ሲያቋቁሙ ቢሯቸው ካዛንቺስ ሁለት ክፍል፣ ወርክሾፓቸው ላንቻ ነበር። የላንቻ መካኒኮች “እናንተ በረዶ ቤቶች፣ ዛሬስ ጣለላችሁ?” እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። “ደጋ ውጡና እዩት” ነበር መልሳቸው። የካዛንቺሱ ቢሮ አሁን ፈርሷል፤ ማዕከሉ የሚሠራው ባምቢስ አካባቢ ነው።

በ2006 ዓ.ም. በደጋ መንገዶች ላይ የውርጭና የበረዶ መለኪያዎችን አስተክለዋል።

በ2008 ዓ.ም. እዚሁ የተሠራ የጎማ ሰንሰለት ለሙከራ አብቅተዋል።

በ2010 ዓ.ም. የአሽከርካሪዎች መመሪያ ከውጭ ቋንቋ ተርጉመው አዘጋጅተዋል። መመሪያው “በረዶ ላይ የጎማውን ንፋስ ቀንሱ” ይላል። ምክሩ የተጻፈው ለጥልቅና ለስላሳ በረዶ ነው። በእኛ ቋንቋ ግን እንደ ባዘቶ የሚከመረውም፣ እንደ ጠጠር የሚወርደውም አንድ ስም አለው።

ሐምሌ 2011 ዓ.ም. የማዕከሉ አሽከርካሪ አቶ ፊሮምሳ መገርሳ በደጋ ቁልቁለት ላይ እንደ ጠጠር ያለው በረዶ ጣለባቸው። መኪናቸውን አቁመው በመመሪያው መሠረት የአራቱንም ጎማዎች ንፋስ ቀነሱ። ጉዟቸውን ሲቀጥሉ ንፋሱ የቀነሰው የፊት ጎማ ከቸርኬው ወጣ፤ መኪናው ገደል ገባ፤ አቶ ፊሮምሳም ሕይወታቸው አለፈ። ማዕከሉ በወቅቱ ባወጣው መግለጫ አደጋው የደረሰው “በአሽከርካሪው ጥፋት” ነው ብሏል።

ዶክተር ራሕዋ በዚያ መግለጫ ላይ አልፈረሙም። “ስህተቱ የአንድ ቃል ነው፤ ቃሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ” ሲሉ ለማዕከሉ ቦርድ ጻፉ። በ2012 ዓ.ም. መመሪያውን “ጠጠር በረዶ” እና “ባዘቶ በረዶ” ብለው ለይተው እንደገና አሳተሙት። መግለጫው እንዲታረም በየዓመቱ ጠየቁ። ቦርዱ በየዓመቱ ለሚቀጥለው ስብሰባ አስተላለፈው።

ከዚያ ወዲህ በረዶ በጣለ ቁጥር መንገድ ላይ ላለ የማዕከሉ አሽከርካሪ ሁሉ ከስልክ ቁጥር ዝርዝር እያዩ ይደውሉ ነበር። “ቆመሃል?” ይሉታል። “ቆሜያለሁ፣ ዶክተር” ሳይል ስልኩን አይዘጉም። የዝርዝሩ የመጨረሻ ቁጥር የአቶ ፊሮምሳ የሥራ ስልክ ነበር። ከአደጋው ቦታ የተመለሰው ይህ ስልክ በማዕከሉ ጸሐፊ በወይዘሮ ሀምዲያ ቁም ሣጥን ውስጥ ቻርጅ እየተደረገ ተቀምጧል። በረዶ በጣለ ቀን ሁሉ ሲጠራ እንሰማው ነበር።

ማዕከሉ የ2011ዱን መግለጫ በዚህ መግለጫ ይሽራል። አቶ ፊሮምሳ መገርሳ ጥፋት አልነበረባቸውም፤ የታዘዙትን ፈጽመዋል። እርማቱን የጠየቁት ሳያዩት በማለፋቸው ኀፍረታችን ከሐዘናችን አያንስም።

ለዶክተር ራሕዋ ባለቤት ለአቶ ተስፋለም፣ ለልጆቻቸውና ለባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። ለአቶ ፊሮምሳ ባለቤት ለወይዘሮ ሜቲና ለልጆቻቸው ደግሞ፣ ከስድስት ዓመት በፊት በአግባቡ ያላደረስነውን ሐዘናችንን ከይቅርታ ጋር ዛሬ እናቀርባለን።

ማክሰኞ ሰኔ 10 ቀን ከሰዓት በኋላ ከተማውም ደጋውም ላይ በረዶ ጣለ። ጸሐፊዋ ወይዘሮ ሀምዲያ ዝርዝሩን አውጥተው ደወሉ። መንገድ ላይ የነበሩት ሰባቱም አሽከርካሪዎች “ቆሜያለሁ” ብለዋል። ከእነርሱ በታች አሁን ሁለት ቁጥሮች አሉ። ሁለቱም ጠርተዋል፤ አልተነሱም። ከዝርዝሩ አይሰረዙም።

የተሽከርካሪና የበረዶ ምህንድስና ምርምር ማዕከል
ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ