በህንድ ዘፈን የተከሰሱት መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል አንለይ

ወገኖቼ፣ ዘመድ አዝማድ፣ የወረታና የፎገራ ሰው ሁሉ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፍሁት ታናሽ ወንድማቸው ካሴ አንለይ ነኝ። እሱ ደግሞ ምን ጽሕፈት ያውቃል የምትሉ እውነታችሁን ነው፤ ዳሩ ግን ይህን ነገር ከእኔ ሌላ ሰው ሊጽፈው አይገባም። ፀሐዩ ሳይበረታ እጨርሳለሁና ታገሡኝ።

መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ከአባታቸው ከአቶ አንለይ ተክለ ሃይማኖትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ከወረታ ዝቅ ብሎ ባለው በፎገራ ሜዳ ኅዳር 12 ቀን 1913 ዓ.ም. ተወለዱ። ንባብና ዳዊት በጣራ ገዳም ተምረው በ1927 ዓ.ም. ድጓ ፍለጋ ወደ ድጓው ማስመስከሪያ ደብር ወደ ቤተልሔም ተሻገሩ። መካከሉ ላይ የጠላት ዘመን ገብቶ ትምህርቱ ሲቋረጥ ሲቀጠል፣ ተመርቀው የተመለሱት በ1938 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የአጥቢያችን ደብር መሪጌታ አድርጎ ሾማቸው። በ1939 ዓ.ም. ወይዘሮ ካሳነሽን በቁርባን አግብተው ወንድ ልጃቸውን ደብሬንና ሴት ልጃቸውን አማከለችን ወለዱ።

ዜማ አንድ ጊዜ ከሰሙ አይጠፋባቸውም። የጠፋበትን ተማሪም አይምሩም ነበር፤ እዚህ ከቆማችሁት መካከል አለንጋቸውን የምታውቁ አላችሁ። ከዜማ በቀር ግን በምንም ነገር ሲቆጡ አይቼ አላውቅም።

በ1950 ዓ.ም. በጥር ወር የጨርቅ ነጋዴው አቶ ጀላል መሐመድዘይን ከአስመራ የሸክላ ማጫወቻና ስድስት ሸክላ ይዘው ወረታ ገቡ። ስድስቱም የአንድ የህንድ ፊልም ዘፈኖች ናቸው። ፊልሙን ከአቶ ጀላል በቀር ያየው የለም፤ እሳቸው ግን አስመራ ላይ ሦስት ጊዜ አይተውታልና ሸክላውን ባዞሩ ቁጥር ታሪኩን ይነግሩን ነበር። አንድ ጀልባ ቀዛፊ የሸማኔ ልጅ ይወዳል፤ ይገናኛሉ፣ ይለያያሉ። «ሲገናኙም ይዘፍናሉ፣ ሲለያዩም ይዘፍናሉ፤ ሰውዬው ሊሞት ሲያጣጥር እንኳ ሳይዘፍን አልሞተም!» ይሉ ነበር። የገበያ ሰው ይስቃል። መሪጌታ ግን አይስቁም፤ ከሱቁ በረንዳ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። የሴቲቱ ዜማ ወደ አራራይ ይሄዳል፣ አይ፣ ዕዝልም ይነካካዋል እያሉ ከራሳቸው ጋር ይከራከራሉ።

ከዕለታት አንድ ቀን የሴቲቱ ድምፅ ይሻክርባቸው ጀመር። ቢጠይቁ አቶ ጀላል፣ «መሪጌታ፣ ይኼ እኮ እንደ ጫማ ነው፤ በሄዱበት ቁጥር ያልቃል። መርፌው ይበላዋል» አሏቸው። ያን ቀን ምሳ አልበሉም፤ ካሳነሽ ትመስክር። እንዲህ ያለ ዜማ ዝም ብሎ ይጥፋ እንዴ ብለው አዘኑ።

በ1951 ዓ.ም. ክረምት ሜዳውን ውኃ ሲውጠው፣ ብራናቸውን ይዘው አቶ ጀላል ሱቅ ከረሙ። የህንዱን ቃል እንደሰሙት በፊደላችን ጻፉ፤ ትርጉሙን እሳቸውም አቶ ጀላልም አያውቁትም። በፊደሉ ራስ ላይ ደግሞ ይዘቱን፣ ድፋቱን፣ ጭረቱን፣ ርክርኩን፣ የዜማውን ምልክት ሁሉ ልክ ድጓ እንደሚጻፍ አድርገው አኖሩ። ዘፈኑ ሁሉ አለቀ፤ የመጨረሻው ሸክላ አንደኛው ፊት ግን ቸገራቸው። እሱ ዋሽንትና ከበሮ፣ ደግሞም መሰንቆ የሚመስል ነገር ብቻ ነው፤ ሰው የለበትም። የዜማ ምልክት ደግሞ ከቃል ራስ ላይ እንጂ ከባዶ ብራና ላይ አይቆምም። ሃሌ ሉያን ለዘፈን አላውስም አሉ። ሲያስቡ ሰንብተው የቤታችንን ከብቶች ስም አዋሱት፦ ዳልቻ፣ ቡሬ፣ ወይኖ፣ ሻሜ፣ ጉራች፤ እንደገና ዳልቻ፣ ቡሬ። ዜማው ሲረዝም ዳልቻን ይስቧታል፣ ሲፈጥን ቡሬን ያስሮጧታል። ብራናውን በማኅደር ከትተው ከጓዳቸው ግድግዳ ሰቀሉት።

በ1953 ዓ.ም. መስከረም ላይ ውኃው ሲሸሽ የከብት በሽታ ገባ። ዳልቻና ቡሬ በአንድ ሳምንት ሞቱ። ወይኖ ተከተለች፤ ሻሜም አልቆየች። በዚያው ሰሞን አንድ ሰው ያን ብራና ከፍቶ አየ። ማንም የማያውቀው ቋንቋ፣ በላዩ ምልክት፣ በስተመጨረሻም የሞቱት ላሞች ስም እየተደጋገመ ተጽፎ። ደብተራ፣ የማይታወቅ ቃል፣ የሞቱ ከብቶች፤ ከዚህ ወዲያ ምን ይባላል? ድግምት ነው ብሎ ማንም ሳያየው ደጀ ሰላም አኖረው። የዚያ ሰው ስም በቦታው ይነገራል።

የደብሩ አስተዳዳሪ አለቃ ወልደ ሥላሴ መሪጌታን ከማኅሌት አገዱ። ድግምት መሆኑ ከተረጋገጠ ማዕረጋቸው ይገፈፋል፣ ከደብሩ ያገኙት መሬት ይነጠቃል፤ ስማቸውማ ተነሥቶ አያልቅም። ካሳነሽ ውኃ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን ሳይሞሉ ይመለሱባት ነበር። መሪጌታ «የህንድ ዘፈን ነው» ቢሉ ማን ይመናቸው! ከዚህ በፊት በቅኔ የረቷቸው ሁሉ ጉድ አገኘሁ ብሎ ተነሣባቸው። ሁለት ወር እንዲህ ተቀመጡ።

በኅዳር ወር ሽማግሌ ተሰብስቦ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ከዋርካው ሥር ጉባኤ ሆነ። አቶ ጀላል ሳይጠሩ መጡ፤ ማጫወቻውን በበቅሎ ጭነው፣ ሸክላዎቹን በአቡጀዲ ጠቅልለው። «አለቃ፣ እርስዎ ብራናውን ይያዙ፤ እኔ ሸክላውን ላዙር» አሉ። አለቃ ወልደ ሥላሴ ጣታቸውን በፊደሉ ላይ እያስኬዱ አዳመጡ። ጣታቸው ሲቆም ሴቲቱ ታቆማለች፣ ሲሄድ ትቀጥላለች፤ ርክርክ ካለበት ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ሦስተኛው ዘፈን ላይ «እግዚኦ! አንዲት ፊደል አልሳተም እኮ!» አሉ። የመጨረሻው ሲዞር መሪጌታ ራሳቸው ተነሥተው ከዋሽንቱ ጋር ከብቶቹን ጠሩ። ዳልቻን ሲስቧት መጀመሪያ የሳቁት አለቃ ናቸው፤ ከዚያ ጉባኤው ሁሉ ሳቀ። የተጻፈው ከብቶቹ ከመታመማቸው ከዓመት በፊት መሆኑን አቶ ጀላል በቁርዓን ማሉ።

አለቃ ከክሱ ነፃ አወጧቸው። የያሬድን ምልክት ለዘፈን በማዋሳቸው ግን የአርባ ቀን ስግደት ቀኖና ሰጧቸው፤ ተገቢ ነው ብለው ተቀበሉ። አለቃ ቀጥለውም፣ «በሐሰት የከሰሰ ድንጋይ ተሸክሞ ከተከሳሹ እግር ይወድቃል፤ ደንባችን ነው። ብራናውን ደጀ ሰላም ያኖረው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። መሪጌታ፣ «ማንም አልከሰሰኝም፤ በደጀ ሰላም ሳልፍ ከጉያዬ ወድቆብኝ ነው» አሉ። ጉባኤውም በዚያ ተበተነ።

ከዚያ ወዲህ እስከ ዘንድሮ ድረስ በመሪጌታነታቸው አገልግለዋል። ሆኖም በጉባኤው ያልነበረ ሰው አያልቅምና፣ ሲያልፉ ጥጃውን ወደ በረት የሚያስገባ እስከ ትናንትና ድረስ ነበር። ይህን ዛሬ ስሙ። ወንድሜ በከብት ላይ አልደገሙም። ዜማ ሊጠፋ ነው ብለው ጻፉ፤ ይኸው ነው።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደረታቸውን ታመው ዋንዛዬ ፍል ውኃ ተመላልሰዋል፤ ጊዜያዊ ፋታ እንጂ ፈውስ አላገኙም። ሰኔ 3 ቀን 1961 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ካሳነሽ፣ ልጆቻቸው ደብሬና አማከለች፣ ድጓ ያስተማሯቸው ተማሪዎች፣ ከጠዋት ጀምረው ከሐዘንተኛው ጋር የቆሙት አቶ ጀላል፣ እኔም ወንድማቸው ቀርተናል።

ስሙ በቦታው ይነገራል ያልሁት ሰው እኔ ነኝ። ላሞቹ አልቀውብኝ አእምሮዬን ስቼ ነው ብል እናንተ ታምኑኛላችሁ፤ ግን ያ ብቻ አይደለም። እሳቸው በዜማ ሲከበሩ እኔ ከከብት ኋላ ቀረሁ፤ ከብቱም ሲያልቅ ቀናሁ። ብራናው ከማኅደሩ ውስጥ፣ ከጓዳቸው ነበር፤ እዚያ ከቤታቸው ሰውና ከእኔ በቀር የሚገባ የለም። ያውቁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት በአንድ መሶብ ስንበላ አንድ ቀን እንኳ ፊታቸውን አላጠቆሩብኝም። ከታመሙ በኋላ ሦስት ጊዜ ልነግራቸው ሄጄ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ሣርና ስለ ጓያ አውርቼ ተመለስሁ። እኔ ፈሪ ነኝ፤ ተናገርሁት።

ካነበብሁ ጀምሮ ትከሻዬ ላይ ስለምታዩት ድንጋይ እርስ በርስ ስትንሾካሾኩ ሰምቻለሁ። ደንቡ ነው፤ ዘገየሁ እንጂ። ካህናት አባቶች ሥጋቸውን ወደ መቃብር ከማውረዳችሁ በፊት ከእግራቸው ሥር ላስቀምጠው ፍቀዱልኝ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከቅዱስ ያሬድ ማኅበር፣ ዜማ ከማያልቅበት ያኑርልን።

ጋሼ፣ ብራናው አልወደቀም። ይቅር ይበሉኝ።