የዘጠኝ ዓመቷ እህቴ

ጥቅምት 6
ሦስት ስልክ ጠገንኩ። አንዱ ውስጥ በረሮዎች ጎጆ ወጥተዋል። ባለቤቱን «ስንት ሆናችሁ ነው የምትኖሩት?» አልኩት። አልሳቀም።

ከሰዓት በኋላ ታላቅ እህቴ እትዬ ከልጇ ጋር ሱቄ መጣች። ነፍሱን ይማርና ባሏ በሕይወት ሳለ የላከላት የድምፅ መልእክቶች አሉ፤ አርባ ሁለት። ሁሉም አንዲት ሚሞሪ ካርድ ላይ። ልጅቷ በኢንተርኔት ወደ አንድ ኩባንያ ሰርቨር ይጫኑ አለች።

«ስልክ ይሰረቃል፣ ውሃ ውስጥ ይወድቃል አጎቴ። እዚያ ከሆነ ማንም አይነካውም።»

«የራሳችንን ዕቃ የማናውቀው ሰው ጓዳ?»

«አንተ ደግሞ፣» አለች እትዬ፤ «ያለችህን አድርግ።»

አካውንት ከፈትኩላት። የትውልድ ዘመን ይጠይቃል። ዕድሜዋን ለማን ተናግራ ታውቃለች? «ምን አገባህ!» አለችኝ። እኔም የዘጠኝ ዓመት ልጅ አድርጌ መዘገብኳት። ዝም ብሎ ተቀበለ፤ አርባ ሁለቱንም ድምፅ ጫንኩ። ብቻዬን ስስቅ አመሸሁ...

ጥቅምት 9
አንድ ደንበኛ በአስቸኳይ ሚሞሪ ፈለገ። የእትዬ ካርድ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ድምፆቹ ሰርቨር ላይ የሉ? አጠፋሁና ሸጥኩለት።

ጥቅምት 19
እትዬ ጠዋት ደወለች። «እምቢ አለኝ። ተዘግቷል ይላል።»

ቤቷ ሄጄ አነበብኩት። ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አካውንት አይፈቀድም። ዕድሜ በሠላሳ ቀን ካልተረጋገጠ ሁሉም ይሰረዛል።

ስልኩን ገለበጥኩት።

«ምንድን ነው የሚለው?»

«ኔትወርክ ነው፣» አልኳት።

ጥቅምት 24
ሳትጠረጥር መታወቂያዋን ተቀብዬ ፎቶውን ለኩባንያው ላክሁ። መልሱ በደቂቃ መጣ፦ መታወቂያው ከተመዘገበው ዕድሜ ጋር አይገጥምም። እንዴት ይገጥማል?

እዚያ ሰው የለም። የሚንኳኳ በር የለም። ሰው ቢኖር አስቄ እለምነው ነበር... ማሽን በምን ይስቃል?

ኅዳር 3
ካርዱን የገዛውን ሰው ፈልጌ አገኘሁት። በሠርግ ቪዲዮ ሞልቶታል። ተውሼው ሱቅ ዘግቼ የጠፉትን ድምፆች ለመመለስ የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። ሙሽራዋ ብቻ ትወጣለች።

ቀልድና ቅዘን ቤት ያበላሻል ይባላል። የእህትን ቤትም?

ኅዳር 12
አምስተኛ ማመልከቻ። ያው መልስ። እትዬ ደግሞ፦ «ኔትወርኩ እንዴት ሆነ? ድምፁ ናፈቀኝ እኮ።»

ኅዳር 19
ተሰረዘ።

ኅዳር 20
ነገርኳት። ካርዱንም፣ ዕድሜውንም፣ ኔትወርክ ያልኩትንም። ልጅቷ ሥራ ነበረች፤ ሁለታችን ብቻ።

«ዘጠኝ ዓመት?»

«ዘጠኝ።»

ብትሰድበኝ ይሻል ነበር። ወረቀትና እስክሪብቶ አምጣ አለች። ከመልእክቶቹ የምታስታውሰውን እየነገረችኝ ጻፍኩ።

«ቁልፉን ጎረቤት ትቼዋለሁ።»

«ዝናብ ይዞኛል፤ አትጠብቁኝ፣ ብሉ።»

«ስልክሽን አንሺ እንጂ አንቺ ሴትዮ።»

እዚህ ላይ ፈገግ ያለች መሰለኝ። አሥራ አንደኛው መልእክት ላይ ስንደርስ ቆመች። ሌላ አልመጣላትም።

«ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ይጠራርግ ነበር፣» አለች። «እሱንም ጻፈው እስቲ።»

እስክሪብቶውን ይዤ ቀረሁ።