አባትሽ የጠራው ስም

ጋኔት ኮቭ፣ ኒውፋውንድላንድ
ዲሴምበር 2 ቀን 1832

ለልጄ ለጆአና፣

ቦስተን እንደኛ አገር ይበርዳል ወይስ ይሻላል? ሹራቡስ ደረሰሽ? እጅጌው ከረዘመብሽ እጠፊው፤ በኔ ዓይን ገና የምታድጊ ልጅ ነሽ። እኛ ደህና ነን። ጎረቤታችን ቢዲ እንኳ ጉልበቷ ተሽሏት እንደ ድሮዋ እየዞረች ሰው ታማለች።

ዘንድሮ ወሬ ጠግበናል። አገራችን የራሷ ምክር ቤት ይኑራት ተብሎ ከለንደን ተፈቀደልንና ቤት ያለው ወንድ ሁሉ መራጭ ሆነ። ቢዲ ቄሱን "ሴቱስ?" ብላ ብትጠይቃቸው አባ ድንገት ሳል ያዛቸው። ከእኛ አውራጃ የቀረቡት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ያው ነጋዴው ፔንዌል፣ ሌላው በርሜል ሠሪው ዴኒስ ኪሊ። ዴኒስ በየቤቱ እየገባ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ "የዓሣችንን ደረጃ የሚያወጣው የነጋዴው ቅጥር መሆኑ ይቅር። ምሎ የተሾመ፣ ለማንም የማያደላ ሰው ይሁን።"

ይህን ስሰማ ያ የአምናው ቀን መጣብኝ። ያደረቅሽውን ያን የመሰለ ዓሣ የፔንዌል ካቦ "ውዳቂ" ብሎ ሲወረውረው፣ ስትከራከሪው ደግሞ በሰው ፊት "ሌባ" ሲልሽ፣ አባትሽ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ዝም አለ። አንቺም መርከብ ስትሳፈሪ "አባት የለኝም" ብለሽ ሄድሽ።

ምርጫው የተደረገው እዚያው ዓሣ ማድረቂያው ቆጥ ላይ ነው። መራጩ አንድ በአንድ እየወጣ የሚመርጠውን ሰው ስም ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ፔንዌል ደግሞ ካቦውን አጠገቡ አቁሞ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። የክረምቱን ዱቄት በዱቤ የሚሰጠን እሱ ነው፣ ሌላ ሱቅ የለም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈራሁ። ጠዋት አባትሽን "አንተ ሰው፣ በማርያም፣ ዝም ብለህ ፔንዌል በልና ና" ብዬ ለመንኩት። እሺ አለኝ።

ከእሱ በፊት የወጡት ሁሉ "ፔንዌል" እያሉ ወረዱ። አባትሽ ወጣና ባርኔጣውን አወለቀ። ዝም አለ። አሁንም ዝም።

"ምነው ሞሪስ፣ የሚስትህን ስም አይደለም እኮ የጠየቁህ!" ብላ ቢዲ ሰዉን አሳቀችው።

አባትሽ ባርኔጣውን መልሶ ራሱ ላይ ደፋና "ዴኒስ ኪሊ" አለ።

"ምን አልክ አንተ?" አለ ካቦው።

"ዴኒስ ኪሊ! ካልተሰማህ መጥቼ በጆሮህ ልንገርህ?"

አቤት የዚያን ጊዜ የነበረው ጩኸት! ከእሱ ኋላ የነበሩት ሁሉ ደፈሩ። የአውራጃው ድምፅ ሲደመር ዴኒስ አሸነፈ፤ ከገና በኋላ ዋናው ከተማ ሴንት ጆንስ ሄዶ ምክር ቤት ይቀመጣል። ፔንዌል ግን በማግስቱ ሱቁን ዘጋብን። ድንችና በጨው የደረቀ ዓሣ አለን፣ ጎረቤትም ዱቄት አካፍሎናል። እንከሳ ይሆናል እንጂ አንራብም።

ያን ቀን ቤት ስንገባ ግን ጮኽኩበት። "ምን ልንበላ ነው? ምን አስለፈለፈህ?"

ጫማውን እየፈታ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ "ኦኖራ፣ አምና እዚያ ቆጥ ላይ መናገር ነበረብኝ። ጆአና ልጄ ናት፣ ሌባ አይደለችም ማለት ነበረብኝ" አለኝ። ከዚያ አለቀሰ። ካገባሁት ጀምሮ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

ይህን እንዳልጽፍልሽ ነግሮኛል። ማንበብ ስለማይችል ግን አጠገቤ ተቀምጦ እያየኝ እንኳ አላወቀብኝም። ዴኒስ ያን የዓሣ ደረጃ ሕግ ቢያስወጣም ባያስወጣም፣ በጸደይ በረዶው ሲለቅ መርከብ ይገባል። እኔ ነይ አላልኩሽም፤ መርከብ ይገባል ነው ያልኩሽ።

እመቤታችን ከብርድም ከክፉ አፍም ትሰውርሽ፤ የምትውይበትን ቤት ሰላም ታድርግልሽ።

እናትሽ ኦኖራ

አሁን አባትሽ "ስሟ የቱ ጋ ነው የተጻፈው?" አለኝ። አሳየሁት። ጣቱን አስቀመጠበትና ቢዲ ከቤቷ እስክትሰማ ድረስ "ጆአና!" አለ።