መዘውሩ ሲከብድ

ጥቅምት ፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ

ጠዋት እንደ ልማዴ የስልኩን መዘውር አዙሬ የአማኑኤል ከተማን ስልክ ቤት ጠራሁ። የዚያው ስልከኛ፣ ወዳጄ ቢያዝን፣ ወዲያው አነሣ።

«ታረቀ፣ ደህና አደርክ? ገብሱ ደረሰልህ?»

«ስልክ ቤት ውስጥ ምን ገብስ አለኝ!» አልኩት። ሳቀ።

አሥራ ሁለት ዓመት ሽቦውን የምንፈትነው እንዲህ ነው፤ ደህና አደርክ በመባባል። ጣልያን ከገባም ወዲህ አልተውንም። ጌታው ተለወጠ እንጂ ሥራው ያው ነው... እያልኩ ራሴን አታልላለሁ።

ጥቅምት ፱ ቀን

በካሚዮን አንድ ሳጥን መጣ። ያለ ሽቦ ያወራል። ጣልያኑ መኮንን ጆሮው ላይ ክዳን ደፍቶ ሲሰማ ዋለ። ድረስ የሚባለው አስተርጓሚ፣ «ጋሼ ታረቀ፣ ከአዲስ አበባ ጋር እኮ ነው! የሚቆረጥ የለው፣ የሚጠገን የለው» አለኝ።

ታዲያ እኔስ? አልኩ በልቤ።

ጥቅምት ፲፩ ቀን

ድረስ፣ «ይማሩት እንጂ፤ እኔ አስተረጉምልዎታለሁ። የነገ እንጀራ እሱ ነው» ይለኛል። በዚህ ዕድሜ? ደግሞስ ሳጥኑ ደህና አደርክ አይል። ጢጥ ጢጥ ብቻ።

ጥቅምት ፲፫ ቀን

ልጻፈው... አማኑኤል ዝም አለ። መኮንኑ ሳጥኑን መታ መታ እያደረገ፣ «ሽቦህ ሞተ!» ብሎ ሳቀብኝ። ደሜ ፈላ። መዘውሩን ደግሜ አዞርኩት፤ እንደ ወፍጮ ከበደኝ። ሽቦ ተቆርጦ ደረቅ ላይ ከቀረ መዘውሩ ይቀላል፤ ውኃ ከነካ ይከብዳል። ይህን ያስተማረኝ የገዛ እጄ ነው።

«ተቆርጦ ውኃ ውስጥ ወድቋል» አልኩ። «ከዚህ እስከ አማኑኤል ውኃ ያለው ጨፌው ላይ ብቻ ነው። ሳጥንህ ይህን ያውቃል?»

ድረስ አስተረጎመ። መኮንኑ ሳቁን አቁሞ ካርታ ዘረጋ። እኔ ጅሉ በጣቴ አሳየሁት! ትከሻዬን መታ አደረገልኝ። ደስ አለኝ። እዚህ እንኳ አልዋሽ፣ ደስ አለኝ።

ከጨፌው በላይ ያለው ሰፈር የእህቴ የሽታዬ መሆኑ ትዝ ያለኝ ወታደሮቹ ከወጡ በኋላ ነው። አፌን በቆረጠው።

ጥቅምት ፲፬ ቀን

«ሽቦ ቆራጮቹን ደብቃችኋል» ብለው አራት ቤት አቃጠሉ። ዘጠኝ ወንድ አሰሩ። የሽታዬ ባል፣ ባዘዘው፣ አንዱ ነው። ከበሬውና ከእርሻው ሌላ የማያውቅ ሰው! በስልክ ቤቱ ደጃፍ ሲነዷቸው ከመስኮቱ ሸሸሁ።

ጥቅምት ፲፭ ቀን

ሽታዬ ሁለት ልጆቿን ይዛ ቤቴ ገባች። «ከወንድሜ ቤት ሌላ የት እሄዳለሁ?» አለች። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ጉልቻው የቀዘቀዘ ቤት ነበር። አሁን በየቀኑ ለእስር ቤት ስንቅ ይበሰልበታል።

ጥቅምት ፲፱ ቀን

«ወንድም ዓለም፣ አንተ አብረሃቸው ትውላለህ። እስቲ ጠይቅልኝ፤ ሰፈራችንን ማነው ያሳያቸው?»

«እጠይቃለሁ» አልኳት። እጠይቃለሁ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት? ያንኑ ትከሻዬን ስማ ወጣች።

ጥቅምት ፳፫ ቀን

ሽቦው ተጠገነ። ቢያዝን «ደህና አደርክ?» ሲለኝ «ሽቦው ደህና ነው» ብዬ ዘጋሁ።

ኅዳር ፪ ቀን

እንደገና ተቆረጠ። መኮንኑ አጠገቤ ቆሞ «አዙር» አለ። አዞርኩ። ከበደ... ያው ጨፌ። እዚያ የቀሩት ሴቶችና ሽማግሌዎች ናቸው።

«ቀሏል። ደረቅ ላይ ነው፤ የት እንደሆነ አይታወቅም» አልኩ።

ራሱ ያዘና አዞረው። እሱ ግን መክበዱን ከመቅለሉ በምን ይለየው? ለድረስ አንድ ነገር ብሎ ወጣ። «ሰውዬው አርጅቷል፤ ሽቦውን ተዉት፣ ሳጥኑ ይበቃናል ነው የሚለው» አለኝ ድረስ አንገቱን ደፍቶ።

እንግዲህ ለሽቦ ተብሎ ቤት አይቃጠልም። ባዘዘው ግን እንደታሰረ ነው።

ኅዳር ፭ ቀን

ስልኩን ከግድግዳው ነቀሉት። ቢያዝንን ደህና ሁን እንኳ አላልኩት። ድረስ አሁንም ሳጥኑን ይማሩ ይለኛል። «ሌላ ፈልግ» አልኩት።

ኅዳር ፯ ቀን

ዛሬ ሽታዬ ስንቁን በአገልግል ቋጥራ ልትወጣ ስትል ዞረችብኝ። «ጠየቅህልኝ?»

«እኔ ነኝ።»

«ምኑ?»

«ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። በሳጥኑ ተበለጥኩ ብዬ... ማወቄን ላሳይ ብዬ።»

መደቡ ላይ ቁጭ አለች። ትጮኻለች፣ ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። ተነሣች። አገልግሉን ግን አላነሣችውም።

«ስንቁን አንተ አድርስለት» አለችኝ። «ለኔ የነገርከኝንም ንገረው። ከዚያ ወዲያ ካንተ እጅ ከበላ ይብላ።»

ልጆቿን ይዛ ጓዳ ገባች።

አገልግሉ ፊቴ ነው። ዳሰስኩት፤ አልቀዘቀዘም። ይህችን ጽፌ እሄዳለሁ።