ወንዙን በሃምሳ ሦስት ሳንቲሜትር ላሳነሰው ጽሕፈት ቤት

ይድረስ ለክቡር ኢንጂነር ዊልፍሪዶ ሳሙዲዮ፣
የፑዌርቶ አራሳ የወንዝ ማስጠንቀቂያ ጽሕፈት ቤት ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከወደቡ ፊት ለፊት የኮምፒውተር ዕቃ የምሸጠው ኤሊሂያ ኦቬላር፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ፤ እግሬም እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ደረቅ ነው። የእርስዎም እግር ደረቅ ሆኖ እንዲከርም ከልብ እመኛለሁ።

ባለፈው እሑድ በከተማችን ሬዲዮ ቀርበው፣ የጽሕፈት ቤትዎን ኮምፒውተር ያወከው «አንዲት የወደብ ነጋዴ የሸጠችልን የተበላሸ ሜሞሪ» መሆኑን ለሕዝብ አስረድተዋል። ስሜን ሳይጠሩ ስላከበሩኝ አመሰግናለሁ። በወደባችን ሜሞሪ የሚሸጥ ሌላ ሰው ስለሌለ፣ ሕዝቡ ነጋዴዋን ለማወቅ ብዙ አልተቸገረም።

የሸጥሁትን፣ ያየሁትንና የሰማሁትን በየቀኑ በደብተር የመጻፍ ልማድ አለኝ። ዛሬ ደብተሬን ገልጬ የምጽፍልዎ ግን ስለ ስሜ ብቻ አይደለም። ከወደቡ በታች፣ ባሆ በምንለው ሰፈር የሚኖሩ መቶ ስልሳ አባወራዎች ዕቃቸውን የሚያነሡት የእርስዎን ሳይረን ሲሰሙ ነው፤ ሳይረኑን የሚያዘው ደግሞ ያ ኮምፒውተር ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነቱ አመሰግናለሁ። ኮምፒውተሩ ከዋናው ከተማ የመጣው ሜሞሪው ከተለመደው ፍጥነት በላይ እንዲሮጥ ተደርጎ ነው፤ ባለሙያዎቹ ኦቨርክሎክ ይሉታል። በሁለት ሜሞሪ ዓመት ሙሉ ሮጠ፤ አንድ ቀንም አልተደናቀፈም። ከላይኛው ወንዝ አዳዲስ መለኪያዎች ሲጨመሩ ግን ቦታ ጠበበውና ባለሙያዎ ደርሊስ ባኤስ ከእኔ ሌላ ሁለት ገዝቶ ጨመረ። እዚህ ላይ የእኔን ድርሻ አልክድም። ሁለት ሜሞሪ በሚሮጡበት ፍጥነት አራት ላይሮጡ እንደሚችሉ፣ ስያሜያቸውና ሳጥናቸው አንድ ቢሆንም እንኳ፣ ያን ጊዜውኑ ልነግረው ይገባኝ ነበር። ገበያ በዝቶብኝ አልነገርሁትም። ደብተሬ ላይ ያለው «ለወንዝ ቢሮ ሁለት ሸጥሁ» የሚል ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ትዕግሥትዎ። በማግሥቱ ኮምፒውተሩ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ሰማያዊ ገጽ እያሳየ ቀጥ ይል ጀመር። ደርሊስ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫነ፤ ፓወር ሰፕላዩን ቀየረ፤ ማራገቢያውን አጸዳ፤ አልሆነም። በመጨረሻ አቅፎት ሱቄ ድረስ መጣ። ያን ቀን የተባባልነውን ማታ እንዲህ ጽፌዋለሁ፦

«ዶኛዬ፣ ይሄን ማሽን ሰው ረግሞታል እንዴ?»

«የረገመውማ ያስቸኮለው ነው። በል ሁለት ሁለቱን ለየብቻ ፈትናቸው።»

አሮጌዎቹ ለብቻቸው ደኅና ናቸው። አዲሶቹም ለብቻቸው ደኅና ናቸው። አራቱ አንድ ላይ በዚያ ፍጥነት ሲሮጡ ግን የሜሞሪ መፈተሻው ፕሮግራም በመጀመሪያው ዙር ብቻ አርባ አንድ ስሕተት ቆጠረ። ወደ መደበኛው ፍጥነት አውርደን ስድስት ዙር አስኬድነው፤ አንድም ስሕተት የለም።

«በቃ? ይኸው ነው?» አለኝ፣ ቀዝቃዛውን የቴሬሬ ሻይ እየማገ።

«ይኸው ነው። ቀስ ይበል።»

«ዶኛዬ ሙች፣ እኚህ ሰውዬ ቀስ የሚባል ነገር አይገባቸውም!»

ሦስተኛ፣ ስለ ሕግ አክባሪነትዎ። ደርሊስ መፍትሔውን ይዞ ሲመለስ፣ ፍጥነቱ በርክክብ ሰነዱ ላይ በቁጥር ተጽፎ በውል አዋዋይ ፊት እንደተፈረመ፣ ስለዚህም ማውረዱ የመንግሥትን ንብረት ማጉደል እንደሆነ አስረዱት። ፍጥነቱ ወደ ነበረበት ተመለሰ። የፍጥነቱ ማስተካከያ ገጽ እርስዎ ብቻ በሚያውቁት የይለፍ ቃል ተቆለፈ። ማሽኑ ያለ ፈቃድ ሱቄ ድረስ በመምጣቱም ሳጥኑ በንብረት ክፍል ወረቀት ታሸገ። በዚህች ከተማ ለፊርማና ለማኅተም የማይታዘዝ ወንዙ ብቻ ነው፤ እሱንም ለማስፈረም ሐሳብ ካለዎት ለማየት እጓጓለሁ።

ማሽኑ ቀጥ ማለቱ እንዲቀር ደግሞ ገጹ ከመቆለፉ በፊት የሜሞሪውን ቮልቴጅ ከፍ አስደረጉ። በእርግጥም ቀረ። በሬዲዮው ላይ «ችግሩ ተፈቷል» ያሉት ይህንን ነው። ክቡር ሆይ፣ እኔ መፍራት የጀመርሁት ከዚያ ቀን ነው። ቀጥ የሚል ኮምፒውተር መታመሙን ይናገራል። ያ የእርስዎ ግን ሕመሙን ይዞ መሥራቱን ቀጠለ፤ ሜሞሪው የሳተውንም ቁጥር እንደ እውነት ተቀብሎ ዲስኩ ላይ ጻፈው። ደርሊስ እንደሚጠረጥረው የተበላሸው የወንዙ ከፍታ የሚሰላበት መነሻ ቁጥር ነው። እኔም እንደዚያ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ውሸቱ ሥርዓት አለው።

ከወደቡ የቆመውን ባለ ቀለም የመለኪያ እንጨት፣ በመስኮትዎ ወደ ወደቡ ከዞረው ስክሪን ጋር እያስተያየሁ ሦስት ቀን ጽፌአለሁ። ማክሰኞ እንጨቱ 5.46፣ ስክሪኑ 4.93። ረቡዕ እንጨቱ 5.66፣ ስክሪኑ 5.13። ዛሬ ሐሙስ እንጨቱ 5.86፣ ስክሪኑ 5.33፣ ያውም በሚያምር አረንጓዴ ቀለም። ልዩነቱ ሁልጊዜ ሃምሳ ሦስት ሳንቲሜትር ነው። ሳይረኑ የሚጮኸው ስክሪኑ ስድስት ሜትር ሲል ነው። እንጨቱ ግን በዚህ አካሄድ ነገ ስድስትን ያልፋል፤ እሑድ ደግሞ 6.40 ላይ ያለውን የባሆን የቤት ወለል ይሸፍናል። ያን ቀን የእርስዎ ስክሪን ገና 5.93 ይላል፤ አረንጓዴም እንደሆነ ይቆያል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለውን የሰማሁት ልጅ ሳለሁ ነበር፤ በመንግሥት ስክሪን ሲያሳስቅ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ይህንን ትናንት ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ መጥቼ ስነግርዎ፣ «ዶኛ ኤሊሂያ፣ እንጨት ምስጥ ይበላዋል፤ ኮምፒውተር አይበላውም» ብለው በትሕትና በሩን አሳዩኝ። ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ።

ከዚያ ወደ ባሆ ወረድሁ። የቺፓ ዳቦ ጋግራ የምትሸጠውን ዶኛ ሲንፎሪያናን ያውቋታል፤ ጠዋት ጠዋት ከእሷ ነው የሚገዙት። ምድጃዋን እያራገበች አገኘኋት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዕቃሽን አንሺ» አልኳት።

«ሳይረኑ መች ጮኸና?»

«አይጮኽም።»

«እንዴት አይጮኽም? ኢንጂነሩ ራሳቸው በሬዲዮ ደኅና ነው አሉ እኮ! አንቺ ሜሞሪዬ ተነካብኝ ብለሽ ሰፈር ልትፈቺ ነው?»

ጎረቤቶቿ ሳቁ። እኔም ብሆን እስቅ ነበር። ከተሰደብሁት ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው፤ አንድ ጊዜ በሬዲዮ «የተበላሸ ዕቃ ሻጭ» ከተባልሁ በኋላ፣ የእኔ ቃል ባሆ ውስጥ ከውሃው ቀድሞ ደርሶ ሰው አያስነሣም። ሰው የሚሰማው የእርስዎን ነው። ያንን እምነት ተጠንቅቀው እንዲይዙት እለምናለሁ፤ የመቶ ስልሳ ቤት ሕፃንና አዛውንት አለበት።

የምጠይቅዎ ነገር ማኅተም አያስፈታም፤ ሳጥኑም አይከፈትም። የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ፤ ፍጥነቱንና ቮልቴጁን ወደ መደበኛው ይመልሱ፤ ደርሊስም ሜሞሪው ከመጨመሩ በፊት የተቀመጠውን የመነሻ ቁጥር ቅጂ ይመልስ። ፍጥነቱን ብቻ ቢያወርዱ አንዴ የተጻፈው ውሸት አይጠፋም፤ ሁለቱም መደረግ አለባቸው። ሁሉም ተደማምሮ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ ሳይረኑ በጊዜው ይጮኻል። እርስዎም በሬዲዮ ቀርበው ጥፋቱ የእኔ ነው ቢሉ አልከራከርም፤ ሱቄንም ቢዘጉት ይዝጉት።

ይህ እስኪሆን ድረስ የእንጨቱን ቁጥር ጠዋትና ማታ በትልቁ ጽፌ በሱቄ በር ላይ እለጥፋለሁ። ፈቃድ እንደሌለኝ አውቃለሁ፤ ቅጣቱን የሚያመጣልኝን ሰው በአክብሮት እቀበላለሁ፤ እስከ እሑድ በእግሩ መምጣት ይችላል።

ለሰነድ ያለዎትን ታማኝነት የማደንቅ፣ ለአረንጓዴው ስክሪንዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለባሆ ሕዝብ ግን ከዚያ የረዘመ ዕድሜ የምመኝ፣

የወደቡ ነጋዴ
ኤሊሂያ ኦቬላር

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጨርሼ ሳሽግ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ቀዩን መኪናዎን ከወደቡ ግቢ አውጥተው ኮረብታው ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ሲያቆሙት አየሁ። ስክሪኑ ያን ሰዓት አረንጓዴ ነበር። የትኛውን መለኪያ አይተው እንደወሰኑ ለእኔ መንገር አይጠበቅብዎትም፤ ለሲንፎሪያና ብቻ ይንገሯት።